ሁሉም አንደኛ

የቡድናችን የሥራ ዝርዝር 23 ጉዳይ ነበረው። 19ኙ ላይ «አስቸኳይ» ተጽፏል። የቀሩት 4ቱ «በጣም አስቸኳይ» ናቸው።

«ቅደም ተከተል ካላወጣን አንወጣም» አሉ አለቃችን። በሩን ዘጉት።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው የትኛው ሥራ ይቅደም ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ ራሱ ወንበር መሆኑ ነው። የሒሳቡ ሰው ሒሳቡ ይላል። የማስታወቂያዋ ልጅ ማስታወቂያው ትላለች። እኔም የድሮ ፋይሎችን ወደ አዲሱ ሲስተም ማዛወሩ አንድ ቀን ቢዘገይ ምን ጉድ እንደሚፈጠር አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጉዱን የፈጠርኩት እዚያው እያወራሁ ነው።

ከዚያ ሥልጠና ወስዶ የመጣ ባልደረባችን ተነስቶ ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥን ሣለ። በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በአይዘንሃወር ስም የሚጠራው ነው፤ አስቸኳዩን ከአስፈላጊው ይለያል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ስልክ ስለጮኸ ብቻ የምንሮጥለት ሁሉ ቁም ነገር አይደለም። እኛ ግን 23ቱንም «አስቸኳይም አስፈላጊም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ጠቀጠቅናቸው። ሦስቱ ሳጥኖች ተከራይ እንዳጣ ቤት ባዷቸውን ቀሩ።

ድምፅ እንስጥ ተባለ። 9 ሰዎች ነን፤ ሦስት ሦስት ሆነን ተቧደንን፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ቅደም ተከተል ይዞ ሥራዎቹን ሁለት ሁለቱን አጋጠምናቸው። ድረ ገጹ የደንበኞችን ቅሬታ 6 ለ 3 አሸነፈ። ቅሬታው ሪፖርቱን 6 ለ 3። ሪፖርቱ ደግሞ ዞሮ ድረ ገጹን 6 ለ 3! ኮንዶርሴ የሚባል ፈረንሳዊ ይህን አዙሪት እ.ኤ.አ. በ1785 ጽፎታል። እኛ ግን የጠረጠርነው ቆጣሪውን ነው።

በመጨረሻ፣ ከተቀጠረች ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ እጇን አወጣች። «ይቅርታ፣ የትኛውን ለሦስት ወር ብንተወው ማንም ደውሎ አይጠይቀንም?»

ጸጥ አለ። አንድ በአንድ ስናነሳቸው ለ11ዱ ደዋይ ጠፋ። የቀሩትን «የትኛው የትኛውን ይጠብቃል?» እያለች ደረደረቻቸው። ሪፖርቱ የቅሬታውን ቁጥር ይፈልጋል። ድረ ገጹም የት የት እንደሚስተካከል የሚታወቀው ቅሬታው ሲታይ ነው። በቃ፣ ቅሬታው አንደኛ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ያ የተሟገትኩለት ፋይልስ? ከ11ዱ አንዱ ነው። «ይሄንንስ ማን ይጠይቃል?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።