እርማት፦ አምባሰል በጊታርም ይወጣል

ደሴ ውስጥ ጊታር ይዘው የራሳቸውን ግጥምና ዜማ ስለሚሠሩ ልጆች ሲወራ፣ «አምባሰልና ባቲ የክራርና የማሲንቆ ብቻ ናቸው፣ በጊታር አይወጡም» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አየሁ። አምባሰልና ባቲ ቅኝቶች ናቸው፤ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች። ለቅኝቶቻችን ተቆርቁራችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም።

ቅኝትን ቅኝት የሚያደርገው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው እንጂ መሣሪያው አይደለም። ጊታር ያላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። በጣም ወፍራሙን ክር መጀመሪያ ክፍቱን (በጣት ሳትጫኑ) ምቱ። ከዚያ እዚያው ክር ላይ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለው ቦታ)፣ መጨረሻ 12ኛው። ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። አምባሰል ነው፤ ጆሯችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ክፍቱ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 10ኛ ደግሞ ባቲ ማይነር (አንዱ የባቲ ዓይነት) ነው። ደስ የሚለው፣ ብዙ የሮክ ጊታሪስቶች መጀመሪያ የሚለማመዱት ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል) እሱው ነው።

እርግጥ ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው በድምፆቹ መሃል ይንሸራተታል። ያንን ለዛ በጊታር ለማምጣት ክሩን በጣት ገፋ ማድረግ ይጠይቃል። ልምምድ ነው።

ይሄ ወሬ የሚጎዳው ጀማሪውን ነው። ሰምቶ ያመነ ልጅ ወይ ጊታሩን ያስቀምጣል፣ ወይ የወሎን ቅኝት ትቶ በሌላ ስኬል ብቻ ዜማ ይሠራል።