በጦር ተይዞ በውል የጸደቀ መሬት

ሎስ አንጀለስና ላስ ቬጋስ ያሉ ወገኖቻችን የሚኖሩበት መሬት እስከ 1848 ድረስ የሜክሲኮ ነበር (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ እንዴት ሰፋች ሲባል አንዱ «ገዝታ» ይላል፣ ሌላው «ነጥቃ»። በእኔ እምነት ሁለቱን መነጣጠል ስህተት ነው። ጦሩ የሻጩን ምርጫ ያጠባል፤ ውሉ ደግሞ በተያዘው መሬት ላይ ሌላ መንግሥት ጥያቄ እንዳያነሳ ይዘጋል። ውሉ ያልዘጋው ቀዳዳ ግን ቆይቶ ያስከፍላል።

ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን በ1803 ከፈረንሳይ የፈለገው የሚሲሲፒን ወንዝ መውጫ፣ ኒው ኦርሊንስን፣ ነበር። ናፖሊዮን ወደ ቅኝ ግዛቱ ሄይቲ የላከው ጦር በባርነት ቀንበር ሥር በነበረው ሕዝብ ተጋድሎና በቢጫ ወባ ስላለቀበት፣ ከእንግሊዝም ጋር ጦርነት ስለተቃረበ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ የተዘረጋውን ሰፊ ግዛት፣ ሉዊዚያናን፣ በሙሉ ሸጠ። ከዋጋው፣ ከ15 ሚሊዮን ዶላሩ፣ 3.75 ሚሊዮኑ አሜሪካውያን ከፈረንሳይ ለሚጠይቁት ዕዳ የተመደበ ነው። የቀረው 11.25 ሚሊዮን የተከፈለው 6 በመቶ ወለድ ባለው ቦንድ (የመንግሥት የዕዳ ሰነድ) ሲሆን፣ ቦንዱን ወደ ገንዘብ የለወጡት የለንደኑ ቤሪንግና የአምስተርዳሙ ሆፕ ባንኮች ናቸው። የእንግሊዝ ባንክ የእንግሊዝን ጠላት ካዝና ሞላ ማለት ነው። በመሬቱ ላይ የሚኖሩትን ነባር ሕዝቦች ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ድንበሩም በግልጽ ስላልሰፈረ ከስፔን ጋር ጭቅጭቁ ወዲያው ተነሳ።

ጭቅጭቁ የተቋጨው በፍሎሪዳ በኩል ነው። በ1818 ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን የፍሎሪዳን ነባር ሕዝብ፣ ሴሚኖሎችን፣ አሳድዳለሁ ብሎ የስፔን ግዛት ገባና የፔንሳኮላን ከተማ ያዘ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ስፔንን «ግዛትሽን መጠበቅ ካልቻልሽ ልቀቂ» የሚል ምርጫ ፊት አቆማት። በ1819ኙ ውል ስፔን ፍሎሪዳን ስትለቅ አንድ ዶላር እንኳ አልደረሳትም፤ አሜሪካ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚደርሰውን የገዛ ዜጎቿን የካሳ ጥያቄ ተረከበች እንጂ። አሜሪካም በምላሹ በቴክሳስ ላይ የነበራትን ጥያቄ ትታ፣ እስከ ፓሲፊክ የሚዘልቅ የድንበር መስመር አገኘች።

ይህ አሠራር በግልጽ የታየው በሜክሲኮ ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ፖልክ በ1845 መጨረሻ ካሊፎርኒያንና ኒው ሜክሲኮን እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንዲገዛ ጆን ስላይደልን ላከ፤ ሜክሲኮ አልተቀበለችውም። ከዚያ የአሜሪካ ጦር ሁለቱም ወገን የእኔ ነው በሚሉት መሬት አልፎ እስከ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ እንዲጠጋ ታዘዘ። በሚያዝያ 1846 ግጭት ተነሳ፤ በግንቦት ጦርነት ታወጀ። አሜሪካ ከሞቱባት 13 ሺህ ያህል ወታደሮች አብዛኞቹን የጨረሳቸው በሽታ ነው።

በመስከረም 1847 ሜክሲኮ ሲቲ ስትያዝ ደግሞ አዲስ ችግር መጣ፤ ከማን ጋር ይፈረም? የፈረመ መንግሥት ሊወድቅ ይችላል፤ ካልተፈረመ ደግሞ ጦሩ መውጫ የለውም። የአሜሪካው ተደራዳሪ ኒኮላስ ትሪስት ተመለስ የሚል ትእዛዝ ቢደርሰውም አልመለስም ብሎ የካቲት 2 ቀን 1848 ጓዳሉፔ ኢዳልጎ ላይ ፈረመ። ፖልክ ሰውየውን አባረረ፣ ውሉ ግን የጠየቀውን ሁሉ ስለያዘ ወደ ሴኔት ላከው፤ በ38 ለ14 ጸደቀ። ትሪስት የሥራው ክፍያ የደረሰው በ1871 ነው። የመሬቱ ዋጋ 15 ሚሊዮን ዶላር፣ 3 ሚሊዮኑ ወዲያው፣ ቀሪው በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ከ6 በመቶ ወለድ ጋር። ጦርነቱ ራሱ ከዚያ በላይ ቢፈጅም፣ ስላይደል ይዞት ከሄደው ዋጋ 10 ሚሊዮን ወረደ።

ከውሉ ጋር የተያያዘው፣ ዲስተርኔል የተባለ ሰው ያሳተመው ካርታ ግን የተሳሳተ ነበር። ድንበሩ የሚለካባትን ኤል ፓሶን ከእውነተኛ ቦታዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይም ወደ ምሥራቅ አስቀምጧታል። ቀያሾቹ ካርታውን ይከተሉ ወይስ መሬቱን? የሁለቱ አገሮች ኮሚሽነሮች በስምምነት ያሰመሩትን መስመር የአሜሪካው ቀያሽ አልፈርምም አለ፤ ዋሽንግተንም አልተቀበለችውም። በዚህ ስህተት አከራካሪ የሆነው፣ በኤል ፓሶ አቅራቢያ ያለው የሜሲያ ሸለቆ ጉዳይ ሁለቱን አገሮች እንደገና ጦርነት አፋፍ አደረሳቸው። አሜሪካ ለደቡቡ ባቡር ሜዳውን ትፈልገው ነበር፤ ገንዘብ የቸገረው የሜክሲኮ ገዥ ሳንታ አና በ1853 ለመሸጥ ተስማማ፤ ሴኔት አሻሽሎ ካጸደቀው በኋላ 77 ሺህ ያህል ካሬ ኪሎ ሜትር በ10 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ። ከአምስት ዓመት በፊት በ15 ሚሊዮን የተገኘው 1.36 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር።

ሌላው ቀዳዳ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ሴኔት በ1848 ሜክሲኮ ለግለሰቦች የሰጠቻቸውን የመሬት ስጦታዎች የሚያስከብረውን የውሉን አንቀጽ 10 ሰረዘ። በ1851 የወጣው ሕግ የማስረጃውን ሸክም በካሊፎርኒያ ባለርስቶች ላይ ጣለ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ይዞታውን ያላስመዘገበ መሬቱ የመንግሥት ይሆናል። ከ800 በላይ ጥያቄዎች ቀረቡ፤ ክርክሩ በአማካይ 17 ዓመት ያህል ፈጀ። ብዙ ባለርስቶች ክሱን ረትተው፣ መሬቱን ለጠበቃና ለአራጣ አበዳሪ አስረከቡ።