ስሙን ማን አወጣለት?

ጀማሪ ጸሐፍት ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ሲሰጡኝ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኔ የሚያርፈው በገጸ ባሕርያቱ ስም ላይ ነው። ሁሉን የምትችለዋ እናት «ትዕግሥት»፣ ነጋዴው «ሀብቴ»፣ መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው ወጣት «ድሉ» ሆነው ሳገኛቸው ታሪኩ ሳይጀመር ፍርዱ የተነበበ ይመስለኛል።

ችግሩ ያለው ስሙን ያወጣው ደራሲው ራሱ መሆኑ ከሩቅ መታወቁ ላይ ነው፤ የአማርኛ ስምማ ድሮውንም ትርጉም አለው። በኑሮ ውስጥ ስም የሚያወጡት ልጁ ነገ ምን እንደሚሆን የማያውቁ ወላጆች ናቸውና ስሙ ስለ ሰያሚዎቹ ይናገራል። «ምትኩ» ወይም «ማስረሻ» የተባለ ልጅ ከእርሱ በፊት በዚያ ቤት የታጣ ሰው መኖሩን ይዞ ይዞራል፤ ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ተወልዶ «አብዮት» የተባለውም የወላጆቹን የያኔ ትኩሳት ተሸክሞ አድጓል። የቤተሰብ መጠሪያ ባልተለመደበት አገር ደግሞ ገጸ ባሕርይን በሙሉ ስሙ የጠራ ደራሲ አባትንም መሰየሙ ስለሆነ፣ «አብዮት ገብረ ሥላሴ» የሚል ስም ብቻውን በአንድ ቤት ውስጥ የተፈራረቁ ሁለት ዘመናትን ያሳያል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን በሚገባ ያወቁበት ይመስለኛል። ካሳ ዳምጤን «ጉዱ ካሳ» የሚለው፣ ነባሩን ሥርዓት ሲነቅፍ ሰምቶ እንደ እብድ የቆጠረው የአካባቢው ሰው ነው፤ አንባቢም ከቅጽል ስሙ ጋር እየተሟገተ ይሄድና ጉዱ ሌላ ቦታ እንዳለ ያያል።

እኛ በምንኖርበት አካባቢ ጥያቄው ይበልጥ ይወሳሰባል። ከሐረር ጁገል አምስት ነባር በሮች አንዱን ሐረሪው «አስመዲን በሪ» ሲለው አማርኛ ተናጋሪው «ሸዋ በር» ይለዋል፤ ሌላውን አንዱ «አሱም በሪ»፣ ሌላው «ፈላና በር» ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ ሐረርን የሚጽፍ ሰው የበሩን ስም ሲመርጥ ተራኪው ከየት ቤት እንደወጣ መናገሩ ነው። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ድሬዳዋም ከዚህ አትለይም፤ ከከዚራ እስከ መጋላ አንድ ሰው በቤቱ በኦሮምኛ፣ በሥራ ቦታው በአማርኛ፣ በጓደኞቹ ዘንድ በሶማልኛ ቅጽል ስም ሊጠራ ይችላል። (ስሙ የጠፋብንን ሰው «አቦ» ብሎ መገላገልም አለ።) ይሁንና በእጄ የሚገቡት የድሬ ታሪኮች ሰዎቻቸውን ሁሉ ከአንድ መዝገብ የተቀዱ ያህል በአንድ ዓይነት ስም ይጠራሉ።

በርዕስ ላይ ደራሲው ያለው ሥልጣን ከዚህም ያነሰ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ አንባቢ ግን ውሎ አድሮ መጽሐፉን በባለታሪኳ «ጦቢያ» ብሎ ጠራው፣ «ልብ ወለድ»ም የጽሑፉ ዘርፍ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ እንባና ዕጣ ፈንታ የታጨቀበት፣ አንባቢን አስቀድሞ ለማስለቀስ የሚጣደፍ ርዕስ ሳይ ድካሙ ያሳዝነኛል።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለሁም። አንዲት ጫት ሻጭ ሴት ላይ የጻፍኩትን አጭር ታሪክ ከወራት በኋላ መልሼ ሳነበው፣ ብዙ ቀን አስቤ ያወጣሁላትን ስም በታሪኩ ውስጥ አንድም ሰው እንደማይጠራት አስተዋልኩ፤ ጎረቤቱም ደንበኛውም «የሰሚራ እናት» ይላታል። ስሙን ሰረዝኩት። ርዕሱም ያው የሰረዝኩት ስም ስለነበረ፣ ታሪኩ እስከ ዛሬ ያለ ርዕስ ተቀምጧል።