ይድረስ ለክቡር ብሎክድ አካውንት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ናፍቆቱ ግን ጠንቶብኛል።

የተዋወቅነው ቡና ላይ ነበር። ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ "ተቀብለንሃል" የሚለው ደብዳቤ የመጣ ዕለት እናቴ እልል ብላ ጎረቤት ጠራች። አቦሉ ላይ አባቴ "ክፍያው ስንት ነው?" አለኝ። "የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ትምህርቱ በነፃ ነው" አልኩት። ቶናውን በሁለት ፉት ጨረሰው። በረካው ሲቀዳ የቪዛውን መስፈርት ከፍቼ ወደታች ሳነብ እርስዎ ጋ ደረስኩ። 11,904 ዩሮ። የአንድ ዓመት መኖሪያዬ ተብሎ በስሜ የሚታገድ፣ እዚያ ስደርስ በየወሩ ብቻ እየተቆረሰ የሚለቀቅልኝ። በአንድ ጊዜ የሚገባ፣ ያውም ቪዛው ከመመታቱ በፊት። በነፃ ለመማር ማለት ነው።

ስምዎን ለእናቴ መተርጎም ነበረብኝ። "የታሰረ ሒሳብ" አልኳት።

"ምን አጥፍቶ?"

"ምንም። ለእኔ ዋስ ሆኖ ነው።"

"አንተስ ምን አጠፋህ?"

"ገና ነኝ" አልኳት። እውነቴን ነው። እኛ አገር ሰው መጀመሪያ ይታሰራል፣ ከዚያ ዋስ ይጠራል። እርስዎ ጋ ዋሱ ቀድሞ ይገባል፣ ተጠርጣሪው ደግሞ ፓስፖርቱን ይዞ ደጅ ይጠናል።

ሌላም የገረመኝ አለ። የታሰረ ዘመድ ሲኖረን ስንቅ ቋጥረን የምንሄደው እኛ ነን። እርስዎ ግን ከእስር ቤት ሆነው በየወሩ 992 ዩሮ ስንቅ ወደ ውጭ ይልካሉ። እስረኛ ቤተሰብ ሲቀልብ በእርስዎ አየሁ። ስንቁ የራሴ መሆኑን ለጊዜው እንተወው።

992 ከየት እንደመጣች ደግሞ ሳጣራ ደረስኩበት። ባፎግ የሚባል የጀርመን መንግሥት የተማሪዎች ድጎማ አለ፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ወለድ የሌለው ብድር። 992 የዚያ ድጎማ ጣሪያ ናት። ማለትም ችግረኛው ጀርመናዊ ተማሪ በወር ቢበዛ ከመንግሥቱ የሚቀበላትን ገንዘብ እኔ ለዓመት በ12 አባዝቼ አስቀድሜ አስቀምጣለሁ። ድጎማው አንድ፣ ደጓሚው ግን አባቴ።

እድገትዎስ! እ.ኤ.አ. በ2018 እኮ 8,640 ዩሮ ብቻ ነበሩ። በ2023 መጀመሪያ 11,208 ሆኑ። በ2024 መስከረም አሁን ያሉበት ደረሱ። እንዲህ የሚያድግ ልጅ ያላቸው ወላጆች ጫማ እንጂ ሌላ አይገዙም። በእኛ በኩል ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀች። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እርስዎ በዩሮ ሲፋፉ እኔ በብር እሟሟለሁ። በዚህ መሀል የምንገናኝበትን ቀን ቢያሰሉልኝ።

ቤተሰብ ተሰበሰበ። አክስቴ እቁቧ እንዲቀደምላት ዳኛውን ለመነች። እቁብ ለሠርግ ይቀደማል፣ ለሐኪም ቤት ይቀደማል። "ጀርመን ለሚታሰር ብር ነው" ስትላቸው ዳኛው ዝም ብለው አይተዋት "ሴትዮ፣ ጤና ነሽ?" አሏት። ቨርጂኒያ ያለው አጎቴ ደወለና "በየወሩ ብልክልህስ?" አለኝ። የደግ ሰው ሐሳብ ነው። እርስዎ ግን በየወሩ መስጠት እንጂ በየወሩ መቀበል አይወዱም።

"እዚያ የሚኖር ሰው ዋስ ሆኖ ቢፈርምልህም ይሆናል" ብለውኝ ነበር። ፍራንክፈርት ለሚኖረው የአባቴ ዘመድ በቴሌግራም ጻፍኩለት። በየቀኑ የቡና ሰዓት ፎቶ የሚልክልኝ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ "ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል" ሆነ። አልፈርድበትም። ደመወዙን አሳይቶ፣ እኔ ብቸገር ሊከፍል ፈርሞ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል?

ባንክ ቤትም ሄጄ ነበር። ብሩ ቢሟላ እንኳ ዩሮው ሌላ ሰልፍ አለው። ልጅቷ ትሑት ናት፤ "ፎርሙን ሙላ፣ እንደውልልሃለን" አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሻወር የምገባው ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ ነው። እስካሁን የደወሉልኝ ዕጣ ደርሶሃል የሚሉ ሌቦች ብቻ ናቸው።

ፎርም ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልንገርዎት። የእርስዎ ፎርም ላይ "የቤተሰብ ስም" የሚል ክፍት ቦታ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ አያት ነው ያለን። አያቴን ጻፍኩ። ነፍሳቸውን ይማርና ከደብረ ብርሃን አልፈው አያውቁም ነበር። ይኸው በሞቱ በስንት ዓመታቸው "ውድ አቶ" እየተባሉ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። 11,904 ዩሮ አለባቸው።

"እዚያ ስደርስ ሠርቼ እከፍላለሁ" ብዬም ነበር፤ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይችላል ብሎ አገርዎ ፈቅዷል፤ ገና ያልሠራሁት ግን አይቆጠርልኝም። ቪዛውን ከከለከሉኝ ደግሞ እርስዎን ለማስፈታት የተከለከልኩበትን ወረቀት ማቅረብ አለብኝ። ውድቀቴ ራሱ ማስረጃ ይፈልጋል!

እናቴ በየማታው "ያ ልጅ ተፈታ?" ትለኛለች። ገና አልታሰረም እላታለሁ። "እግዜር ይርዳው" ትላለች፤ መታሰሩን ይሁን መፈታቱን አልጠየቅኳትም።

በተረፈ ከባንኩ ከተደወለልኝ ይህን ደብዳቤ እንዳላዩት ይቁጠሩልኝ።

አክባሪዎ፣
7,594 ዩሮ የጎደለው