አዲስ ሹመት፣ አዲስ መጽሐፍ፣ እሰይ!

በሽግግር ላይ ያለ መንግሥት ከሚመሰገንባቸው ሥራዎች ቀዳሚው ሥርዓተ ትምህርት መጣል ነው። ግብር መሰብሰብ ይከብዳል፤ ጦሩን መንካት ያስፈራል። የ6 ዓመት ልጅ ግን መጽሐፌ ተቀየረ ብሎ አደባባይ አይወጣም።

መርሐ ትምህርት መጻፍ፣ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ሞክሮ ማረም፣ ማተምና ማከፋፈል ዓመታት ይፈጃል የሚሉ ሟርተኞች አሉ። ብልህ ሚኒስትር ሙከራውን ይዘለዋል፤ ሙከራ ስህተት ያሳያላ! መጽሐፉ ባይደርስም መምህሩ ሠልጥኗል። ከማዕከል 2 ሳምንት የሠለጠነው ለአውራጃው በ4 ቀን ያካፍላል፤ አውራጃው ለርዕሰ መምህሩ በ1 ቀን፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለመምህራኑ። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው የአዲሱ ሥርዓት ስም ነው። አበሉ መንገድ ላይ አልቋል።

ደቡብ አፍሪካ የአፓርታይዱን ትምህርት ማስወገዷ እርግጥ ግድ ነበር። ግን ጥድፊያዋ ይደነቅ፦ «ካሪኩለም 2005» የተባለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1997 ታወጀ፣ በ1998 አንደኛ ክፍል ገባ። ተማሪው ሊደርስባቸው የሚገቡ 66 ዝርዝር ውጤቶች ነበሩት፤ መጽሐፍ ለሌለው፣ ለጥቂት ቀን ለሠለጠነ መምህር ምን ያንሰዋል? በ2000 ገምጋሚ ኮሚቴ ቋንቋው የተወሳሰበ፣ ሥልጠናው የሳሳ ነው አለ። በ2002 ተከለሰ፤ ከ2012 ጀምሮ በሌላ ተተካ።

የሠራውንም መጣል ይቻላል። ፖላንድ በ1999 የ3 ዓመት መካከለኛ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና የንባብ ውጤቷ ከ2000 እስከ 2012 ከ479 ወደ 518 ወጣ። በ2017 ሌላ ፓርቲ ትምህርት ቤቶቹን መዝጋት ጀመረ። የሌላ ሰው ተክል ማን ያጠጣል?

ከሁሉ የሚያስመሰግነው ግን ፈተናውን አለመንካት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ «ተማሪው ይመራመር» ይላል፤ የመልቀቂያ ፈተናው ያው ሸምድዶ ማክበብ ነው። መምህሩም ሞኝ አይደለም፤ ወላጅ የሚጠይቀው ውጤት ስለሆነ መምሪያውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ የአምናውን ጥያቄ ያስጠናል። ፈተና መቀየር ጥያቄ አዘጋጅ፣ የጥያቄ ክምችት፣ የሠለጠነ አራሚ ይፈልጋል፤ ምረቃና ሪባን ግን የለውም። ስለዚህ ለተተኪው ይቀመጥለታል።

ሶቪየቶች እዚህ ላይ ተሳሳቱ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጋዜጦች የተደበቀውን ያለፈ ታሪክ መጻፍ ጀምረው የመጽሐፉ ታሪክና የጋዜጣው ታሪክ አልገጥም ሲላቸው የታሪክ መልቀቂያ ፈተናውን ሰረዙት። እንዲህ ያለ ይሉኝታ ለዛሬ ሚኒስትር አይመከርም።