የጎንደር ደጋፊ ሆይ፣ አፍህን ሰብስብ

የጎንደር ሰዎች፣ የፋሲል ልጆች፤ ክለባችን ፋሲል ከነማ ከባህር ዳር ከተማ ክለብ ጋር የሚያደርገው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ ጨዋታ ደርሷል። ዕጣው ከወጣ ጀምሮ ፒያሳም ሆነ አዘዞ ሌላ ወሬ የለም። ማን ይሰለፋል፣ ማን ተጎድቷል፣ መሀል ሜዳውን ማን ይቆጣጠራል እየተባለ ቡናው ሲፈላ ይውላል። ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ እኔም ሳወራው እውላለሁ። ከጎኑ ግን ሌላ ነገር እየተዘጋጀ ነውና ስለ እሱ ዝም ማለት አልችልም። ስልካችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ኳሱ ገና ሳይነካ ስድቡ ተጀምሯል። ስለ ተከላካዩ ቀርፋፋነት ወይም ስለ በረኛው ስህተት ቢሆን ኖሮ እሰየው ባልን ነበር። ስድቡ ግን ስለ ሰው እናት ነው፤ ስለ ሰው ዘርና ስለ አንድ ከተማ ሕዝብ ነው። የሚጽፈውም የጎንደር ልጅ ነው፤ የፋሲል ግንብን ፎቶ ከስሙ በላይ ሰቅሎ፣ “አጼዎቹ” የምንለውን የክለባችንን ዓርማ ለጥፎ።

ይህ ነውር ነው። ነውር መሆኑንም እናንተው ታውቃላችሁ።

“ደርቢ፣ የጎረቤታሞች ግጥሚያ እኮ እንዲህ ነው፣ የትም ዓለም ያለ ነው” የሚል መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። እስቲ ይህን መልስ እንመርምረው። ፋሲል ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የዚሁ ከተማ የነበረው ዳሽን ቢራ የእግር ኳስ ክለብ ከሊጉ ወርዶ በፈረሰበት በዚያው ዓመት። የጣና ሞገዶቹ የሚባሉት ባህር ዳሮች ደግሞ ሊጉን የተቀላቀሉት በ2011 የውድድር ዘመን ነው። ስለዚህ በትልቁ መድረክ ጎንደርና ባህር ዳር መፎካከር የጀመሩት ትናንት ነው። ከአባቶቻችን የወረስነው ቂም የለበትም፤ ደም አልተቃባንበትም። እናንተ “ልማድ ነው” የምትሉት ነገር ገና ልማድ አልሆነም፤ ልማድ እያደረጋችሁት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ የአሥር ዓመት የሆነ ልጅ፣ ነገ “ከባህር ዳር ጋር ስንጫወት እንዲህ ነው የሚባለው” ብሎ የሚይዘው አሁን ከአፋችሁ የሚሰማውን ነው። መልኩን ልናሳምረውም ልናበላሸውም የምንችልበት ጊዜ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ይከብዳል።

ደግሞስ ማንን ነው የምትሰድቡት? በነሐሴ 2011 ፋሲል ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛምን ሲገጥም የት ነበር የተጫወተው? ባህር ዳር ስታዲየም ነው። በሜዳችን ነው የምንለውን ጨዋታ ያስተናገደችልን ያቺው ዛሬ ስሟን የምታጠፏት ከተማ ናት። 1 ለ 0 አሸንፈን ስንጨፍር የጨፈርነው በእነሱ አስፋልት ላይ ነው። ከእኛ ጎን ተቀምጦ ያጨበጨበ የባህር ዳር ሰው አልነበረም? የ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳው አምበላችን ያሬድ ባዬስ በኋላ የማንን ማልያ ለበሰ? የባህር ዳርን። ስሙን እየጠራን የዘመርንለት ሰው 180 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማልያ ስለቀየረ እናቱ ተቀየረች? ተጫዋች ሥራው ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። ከማክሰኝት እስከ ሐሙሲት ባለው መንገድ ዳር የሚኖረው ሕዝብም ግማሹ ለእኛ፣ ግማሹ ለእነሱ ይጮኻል፤ በአንድ ቤት ሁለቱም አሉ።

በጥምቀት ደግሞ እናንተን አይቻለሁ። ከባህር ዳር የመጣ እንግዳ አልጋ ሲያጣ አልጋችሁን ለቃችሁ መሬት ላይ ታነጥፋላችሁ። በባሕረ ጥምቀቱ ግፊያ መሀል የማታውቁትን ሰው እጅ ይዛችሁ ታሻግራላችሁ። ያ እንግዳ ከጥቂት ወራት በኋላ የክለቡን ስካርፍ አንገቱ ላይ ስላደረገ ጠላት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ተግሳጼ ከሚጮኸው ልጅ ይልቅ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ነው። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ስታዲየሞች መካሄድ ከጀመረ ወዲህ አብዛኞቻችን ክለባችንን የምናየው በዲኤስቲቪ ቤት ነው። የቤቶቹን ነገር ታውቁታላችሁ፤ አግዳሚ ወንበር፣ ሙቀት፣ የለውዝ ቅርፊት፣ በሩ ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ። ባለፈው ከባህር ዳር ጋር ስንጫወት ከፊቴ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ የሚማር የባህር ዳር ልጅ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። የእነሱ ቡድን ጎል ሲያገባ አልተነሳም፤ አልጮኸም። አንገቱን ደፋ አድርጎ የአግዳሚውን ጠርዝ ከሥር በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ። ደስታውን በወንበሩ ላይ ጨርሶ ዝም አለ። ለምን? ከኋላ የሚሰማውን ስለሚያውቅ ነው። ወዲያውም ተሰማ፤ አንዱ ጎረምሳ ስለ ባህር ዳር ሴቶች እዚህ ልጽፈው የማልችለውን ተናገረ።

ቤቱ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ሽበት ያላቸው ነበሩ። ልጆች ያሏቸው፣ በዕድር ሰብሳቢነት የሚታወቁ፣ በሰፈራቸው ጠብ ሲነሳ ለሽምግልና የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ። አንዳቸው ዞር ብለው “ተው እንጂ አንተ ልጅ!” ቢሉት ያ ጎረምሳ አፉን ይዘጋ ነበር። እኔ ብናገረው ጥቂት አጉረምርሞ ተወው። ሁለት ቃል ነው የፈጀው። እናንተ ትልልቆች ግን ያቺን ሁለት ቃል ነፈጋችሁ፤ በሳቃችሁም አጸደቃችሁለት። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም የሚጮኸው፤ ሳቅ ስለሚያገኝ ነው። ሳቁን ንሱት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ በረኛው ብቻ ይናገራል።

“በስድብ ሰው አይሞትም” ትሉኝ ይሆናል። ግንቦት 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ አክራ፣ ኸርትስ ኦፍ ኦክ እና አሳንቴ ኮቶኮ ተጫወቱ። የአገሪቱ ትልቁ ፉክክር ነው፤ እንደ እኛ ትናንት የተጀመረ ሳይሆን ከአያት የተወረሰ። ኸርትስ 2 ለ 1 እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ የተናደዱ ደጋፊዎች ወንበር እየነቀሉ፣ ጠርሙስ እያነሱ ወደ ሜዳው መወርወር ጀመሩ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ ለማምለጥ ወደ በሮቹ ሮጠ፤ በሮቹ ተቆልፈው ነበር። 126 ሰው እርስ በርሱ ተረጋግጦና ታፍኖ ሞተ። አብዛኞቹ ወንበር አልነቀሉም፤ ጠርሙስ አልወረወሩም። ኳስ ሊያዩ የመጡ ናቸው። የፖሊሱም ጥፋት ነው፣ በሩን የቆለፈውም ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያውን ወንበር የነቀለው ግን ተመልካች ነው፤ ከጎኑም የነበረው ሰው አልያዘውም።

ሩቅ ሀገር ነው ካላችሁ በ2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በረብሻ ምክንያት ሳይካሄድ መቅረቱን አስታውሱ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን የሆነውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ብዙ የቀበርን ሕዝብ ነን። ክልላችን ያለበትን ሁኔታ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሰው ዘመዱን ለመጠየቅ ስንት ጊዜ እንደሚያስብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ ጊዜ ጎንደሬና ባህር ዳሬ በኳስ ሰበብ እንዲነካከሱ የሚያደርግ ሰው የፋሲል ደጋፊ ነኝ ቢል አልቀበለውም። ለክለቡም አይጠቅመውም፤ ደጋፊ ሲያጠፋ የሚቀጣው ክለቡ ነው፤ የቅጣቱ ገንዘብም ከዚህችው ከተማ ኪስ ይወጣል።

እናንተ ብዙ ተከታይ ያላችሁ፣ የፋሲልን ወሬ የምትለጥፉ ልጆች፤ እናንተን ለብቻችሁ እናገራለሁ። የሰው ቁጥር ለማብዛት ብላችሁ የምትወረውሩትን ታውቁታላችሁ። ባህር ዳርን የሚያዋርድ ነገር ስትለጥፉ አስተያየቱ ይጎርፋል፤ ስለ አሰላለፍ ስትጽፉ ግን ጥቂት ሰው ያነበዋል። ፈተናችሁ ይገባኛል፤ ምክንያታችሁን ግን አልቀበልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ብታጠፉት እንኳ ፎቶ ያነሳው አለ፤ ባህር ዳር ደርሶ ሌላ ስድብ ይዞ ይመለሳል። ከገጻችሁ ሥር ስለ ሰው ዘርና እናት የሚጽፈውን አውጡት። ገጹ የእናንተ ነው፤ “እኔ አልጻፍኩትም” አይባልም።

የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤቶችም ብትሆኑ ሥልጣን አላችሁ። ለሚያጨስ ሰው “ውጣ” ትሉ የለም? ለዚህም በሉት። ከበሮ የምትመቱ፣ ዜማ የምታወጡ የደጋፊው ግንባር ቀደሞች ደግሞ ሥራችሁ ከሁሉም ይበልጣል። ጎንደር ሽለላና ፉከራ ሞልቷታል፤ ሰው ሳይሰደብ ደም የሚያሞቅ። አንድ የስድብ ዜማ ከአንድ ጥግ ሲነሳ ከበሮውን ከፍ አድርጋችሁ በራሳችሁ ዜማ ዋጡት። ይህን የማድረግ ችሎታው አላችሁ፤ ስታደርጉት አይቻለሁ።

ስለ ኳሱም ልናገር፤ እኔም ደጋፊ ነኝና። የዋንጫ ጨዋታ እንደ ሊግ አይደለም፤ ነጥብ ተጋርቶ መሄድ የለም። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ሁለቱም ቡድኖች መሸነፍን ስለሚፈሩ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የታሰረ ይሆናል፤ ኳሱ መሀል ላይ ይመላለሳል፤ ጥፋት ይበዛል። ያን ጊዜ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። ወደ ኋላ የመለሰውን አማካይ አታጉረምርሙበት። ከፋሲል የምፈልገው በመስመር በኩል ቶሎ መውጣትና የቆመ ኳስን በሚገባ መጠቀም ነው፤ ደርቢ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በማዕዘን ምት ወይም በቅጣት ምት ነው። እናሸንፋለን ብዬ አምናለሁ። ባህር ዳር ቢያሸንፍም አጠገባችሁ ላለው የባህር ዳር ልጅ እጃችሁን ዘርጉና “እንኳን ደስ ያለህ” በሉት፤ ሲጎመዝዛችሁም በሉት።

መደበኛው ሰዓት በእኩል ካለቀ ወደ መለያ ምት ልንሄድ እንችላለን። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ሐዋሳ ከተማን አሸንፈን የወሰድነው በመለያ ምት ነውና ስሜቱን ታውቁታላችሁ። ከሁለቱ ቡድኖች በአንዱ በኩል አንድ ልጅ ይስታል። ማልያው የማንም ይሁን፣ በዚያ ምሽት ስሙን በስልካችሁ እንዳትጽፉ፤ ልጆቻችሁም እንዳይጽፉ ከልክሏቸው።