እንባ መለኪያ ከሆነ አልቃሽ ትሸለም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ የአገር ውስጥ ፊልሞችን የመዘኑት ዳኞች ለአንዱ አምስት ኮከብ ሰጥተው ተነሡ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ከመካከላቸው አንዱ አዳራሹ በሙሉ አልቅሷል፣ ከዚህ በላይ ምን መለኪያ ይፈለጋል አሉ። ተጨበጨበላቸውም።

እንግዲህ እንባ ነው መለኪያው! ለቅሶ ቤት የተጠራች አልቃሽ ሁለት ስንኝ ስትደረድር፣ ሟቹን በስም እንኳ የማያውቅ መንገደኛ ያነባል። ሙያዋ ነው፣ ትከበርበት። የመንገደኛው እንባ ግን ሟቹ ደግ ሰው ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። ፊልሙም ላይ ያስለቀሰው ማን እንደሆነ ማጣራት ከባድ አልነበረም፤ እናትየዋ ልጇን የምትሸኝበትን ቦታ ማጀቢያ ሙዚቃውን አጥፍቶ ደግሞ ማየት ብቻ ነው። ዋሽንቱ የሚገባው ሴትዮዋ ፊቷን ወደ እኛ ሳታዞር ነው። ተዋናይቱ ገና ምንም ሳታደርግ ተመልካቹ አልቅስ ተብሏል። ጎበዝ ተዋናይ መሆኗን አልክድም፤ ዋሽንቱን ይበልጥ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ድምፁ ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። ታሪኩ መንዝ፣ ጓሳ ላይ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ። እረኛው ሜዳ መሐል ቆሞ ይጣራል፣ ቃሉ ግን ከግድግዳ ነጥሮ ይመጣል። ገላጣ ሜዳ ላይ ድምፅን የሚመልስ ነገር የለም፣ ወጥቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ደጅ የተቀዳ ንግግር ደረቅ ነው። ይህን ጆሮ አስተማሪ ሳያስፈልገው ያውቀዋል። ንግግሩ በኋላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሞልቷል ማለት ነው፤ ከንፈሩና ቃሉም አልተገናኙም። (አማርኛውስ? የቦሌ ልጅ አማርኛ ነው። ይለፈን።)

ለምን በኋላ ተሞላ? በቦታው የተቀዳውን ነፋስ ስለበላው። ነፋስ ማይኩ ውስጥ ያለውን ስስ ገለፈት በቀጥታ እየገፋ ጉርምርምታ ይፈጥራል። ከማይኩ ጋር የሚመጣው ስፖንጅ የተናጋሪን ትንፋሽ ይከላከላል እንጂ የመንዝን ነፋስ አይችልም፤ ረጅም ጸጉር ያለው ሽፋን ሊለብስ ይገባል። ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ጉርምርምታ ቆርጦ መቅዳት ይረዳል። የንግግሩ ከፍተኛ ልክ ከዜሮ፣ ማለትም መቅጃው ከሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢያርፍ፣ ተዋናዩ ድንገት ሲጮህ መተንፈሻ ይኖረዋል። ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ በኤዲቲንግ እንደነበረ አይመለስም። ደረት ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ማይክ በጋቢ ወይም በበርኖስ ሥር ሲገባ ጨርቁ ይፈትገዋል፤ ከላይም ከታችም በፕላስተር ካልተያዘ እያንዳንዱ እርምጃ ይሰማል። ቦታውን ለቆ ከመሄድ በፊት ደግሞ ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ባዶ ድምፅ 1 ደቂቃ ያህል መቅዳት አለበት። ያ ካልተቀዳ ሁለት ቁራጭ ቀረጻ በተገናኙ ቁጥር የነፋሱ ድምፅ ድንገት ይሞታል። እዚህ ፊልም ላይ ጓሳ ስንት ጊዜ ሞቶ እንደተነሣ ዳኞቹ ቆጥረው ቢሆን ኖሮ!

አቅም የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። ድሮን ተከራይቶ የጣርማ በርን ገደል ለደቂቃዎች ከአየር ያሳየን ሰው ጸጉራም የማይክ ሽፋን አቃተው? የድሮኑ ምስል እኮ በባሕርዩ ዲዳ ነው፤ የራሱ ክንፍ ጩኸት ምንም አያስቀዳም። ስለዚህ ገደሉ በታየ ቁጥር ሙዚቃ ይፈስበታል። ገደሉን ፈጣሪ ሠራው፣ ሙዚቃውን አቀናባሪው፤ አምስተኛውን ኮከብ ግን አዘጋጁ ወሰደው።

ለአገር ልጅ ይህን ያህል መጥበቅ ምን ይሉታል የሚሉም አሉ። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት የወሰደው አዘኑለት ተብሎ አይደለም። እዝነት ለዕቁብና ለዕድር ይሁን።

የዳኝነቱ አካሄድም ከፍርዱ አይሻልም። አብረው አዩ፣ አብረው ተወያዩ፣ ከዚያ እጅ አወጡ። ቀድሞ የተናገረው የሌላውን ነጥብ ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ እያንዳንዱ በየግሉ ይጻፍ፣ ወረቀቱ ይሰብሰብ፣ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አማካይ ብቻም አይበቃም። ከአምስት ዳኛ ሦስቱ 5፣ ሁለቱ 2 ቢሰጡ 3.8 ይመጣል፤ አራቱ 4፣ አንዱ 3 ቢሰጡም ያው 3.8 ነው። የመጀመሪያው ፊልም አጣልቷል፣ ሁለተኛው ማንንም አላስከፋም፤ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። አምስት ኮከብ የሚባል ፊልም ሁለተኛ ጊዜ፣ ቢቻል ዓይን ተጨፍኖ አሥር ደቂቃ ተሰምቶ፣ ከዚያም ድምፁ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ታይቶ ይፈረድበት። ይህኛው ገና የመጀመሪያዋን ፈተና አያልፍም።

እስከዚያው የምዘናው አዘጋጆች የእያንዳንዱን ዳኛ ወረቀት ይለጥፉልን። ወረቀት ካለ።